ዋናው ደብዳቤ የት ይቀመጥ?

ተሟጋች፦ በቤት ዴስክቶፕና በላፕቶፕ መካከል ኢሜይልን ማመሳሰል ማለት ወደ አንድ አድራሻ የገባውና ከዚያ አድራሻ የወጣው ሁሉ በሁለቱም ላይ እኩል መታየቱ ነው። በአንዱ የተነበበ በሌላውም እንደተነበበ ይታያል፤ በአንዱ የተጻፈ መልስ በሌላው «የተላኩ» ፎልደር ውስጥ ይገኛል፤ በአንዱ የተሰረዘ ከሌላውም ይጠፋል። ይህን ሁሉ የሚያሟላ መንገድ አንድ ብቻ ነው፦ ዋናው ደብዳቤ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፣ ሁለቱ ኮምፒውተሮች ቅጂውን ይይዛሉ።

ተጠራጣሪ፦ በትርጉሙ ክርክር የለም። ክርክሩ «ዋናው» በሚለው ላይ ነው። አዲስ አበባ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር የሚኖር አንድ ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) ይታሰብ። ቤቱ ዴስክቶፕ አለ፤ ቃሊቲ ጉምሩክ ወዳለው ሥራው ደግሞ በቀለበት መንገዱ ላፕቶፕ ይዞ ይመላለሳል። ኢንቮይሱም፣ ፓኪንግ ሊስቱም፣ የቢል ኦፍ ሌዲንጉ ቅጂም የሚደርሰው በኢሜይል ነው። አንዷ ወረቀት ከዘገየች ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ቆሞ ክፍያ ይጨምራል። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው ዋናውን ሰነድ ባሕር ማዶ ትቶ ቅጂ ብቻ መያዙ ምን ይበጀዋል? ደብዳቤው ይውረድለት፣ በቤቱ ዲስክ ላይ ይቀመጥ። የዚህ አገር ኢሜይል የተጀመረውም እንዲሁ ነበር።

ተሟጋች፦ አጀማመሩስ እውነት ነው። ኢንተርኔት ከመግባቱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ አዲስ አበባ በሚገኘው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተባለ የመረጃ ሥርዓት ፊዶኔት በሚባለው ዘዴ ደብዳቤ ያመላልስ ነበር። ተጠቃሚው በስልክ መስመር ይደውላል፣ የተጠራቀመለትን ያወርዳል፣ የጻፈውን ይሰድዳል፣ መስመሩን ይዘጋል። በ1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት ሲጀምርም ልማዱ ብዙ አልተለወጠም፤ ዳያል አፕ በደቂቃ ስለሚቆጥር ደብዳቤን ቶሎ አውርዶ መስመር መልቀቅ ብልህነት ነበር። ፖፕ የሚባለው ደንብ ለእንዲህ ያለ አኗኗር የተሠራ ነው። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን እስካሁን የሚሠራበት ሦስተኛው ዕትም በ1988 ተከተለ። ኮምፒውተሩ ሰርቨሩን ይጠይቃል፣ ያለውን ያወርዳል፣ ከሰርቨሩ ላይ ያስጠፋል። አንድ ሰው በአንድ ኮምፒውተር ብቻ በሚሠራበት ዘመን ምንም አልጎደለውም። ችግሩ የጀመረው ሁለተኛው ኮምፒውተር የተገዛ ዕለት ነው።

ተጠራጣሪ፦ ለዚያም መላ ተበጅቶለታል። በፖፕ ቅንብር ውስጥ ቅጂውን ሰርቨሩ ላይ ለተወሰነ ቀን እንዲተው የሚያደርግ ምርጫ አለ። 14 ቀን ከተባለ ዴስክቶፑም ላፕቶፑም በዚያ መሀል ተራ በተራ ያወርዳሉ።

ተሟጋች፦ የሚገባው ደብዳቤ ለሁለቱም ይደርሳል፤ ከዚያ ውጭ ያለው ግን አይደርስም። ፖፕ የሚያውቀው ኢንቦክስን ብቻ ነው። ሌሎች ፎልደሮችን፣ የተነበበና ያልተነበበን፣ የተላከን አያውቅም። ትራንዚተሩ ጠዋት ቃሊቲ ላይ ለአስመጪው ይመልሳል፤ ማታ ቤቱ ዴስክቶፑን ሲከፍት ያው ደብዳቤ ያልተነበበ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ የሰጠው መልስም ላፕቶፑ ውስጥ ብቻ ነው ያለው። ባለፈው ወር ለመርከብ ወኪሉ የጻፈውን ለማግኘት በመጀመሪያ በየትኛው ኮምፒውተር እንደጻፈው ማስታወስ አለበት። ብዙ ሰው ለራሱ ግልባጭ በመላክ ይህን ሊጠግን ይሞክራል፤ ኢንቦክሱ በራሱ ደብዳቤዎች ይሞላና ሌላ ጣጣ ይሆንበታል። ዓመት ሳይሞላ ሁለት መዝገብ ይኖረዋል፤ አንዱም ግን ሙሉ አይደለም።

ተጠራጣሪ፦ እንግዲያው ሙሉውን ማመላለስ ነዋ። ተንደርበርድ የሚባለው የኢሜይል ፕሮግራም የደብዳቤውን ሁሉ ማኅደር በአንድ የፕሮፋይል ፎልደር ያስቀምጣል። ያንን ማታ ማታ በፍላሽ ወደ ዴስክቶፑ፣ ጠዋት ደግሞ ወደ ላፕቶፑ መገልበጥ ይቻላል። የዳታ ፓኬጅ አይበላ፣ ሰርቨር አያስፈልገው።

ተሟጋች፦ ሁለቱ ኮምፒውተሮች ሁልጊዜ ተራ ጠብቀው ከሠሩ ይሆናል። ተንደርበርድ ግን እንደ ልማዱ የአንድን ፎልደር ደብዳቤዎች በሙሉ በአንድ ረጅም ፋይል ውስጥ አስከትሎ ነው የሚጽፈው። ማክሰኞ ማታ መገልበጡ ከተረሳና ረቡዕ በሁለቱም ላይ ከተሠራ፣ ሐሙስ የሚገለበጠው ፋይል የአንዱን ቀን ሥራ ይደመስሳል። ሁለቱን ፋይሎች አስታርቆ የሚያዋሕድ የለም። አውትሉክ የሚባለው ሌላው የኢሜይል ፕሮግራም ደብዳቤ የሚያስቀምጥበት ፒኤስቲ ፋይልም ከዚህ አይሻልም፤ እስከ 2002 ዕትም ድረስ የነበረው ዓይነት 2 ጊጋባይት ሲሞላ ራሱን ያበላሽ ነበር። ደግሞም ጋሼ፣ ፍላሹ ታክሲ ውስጥ የሚቀር ዕቃ ነው።

ተጠራጣሪ፦ ይሁን፣ የፍላሹ መንገድ ይቅር። ሰርቨሩ የሚያዋሕደው እንዴት ነው?

ተሟጋች፦ አይማፕ በሚባለው ደንብ ነው። ማርክ ክሪስፒን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው ሲሆን አራተኛው ዕትሙ በ1994 ተጽፎ በ2003 እና በ2021 ታድሷል። መነሻ ሐሳቡ ደብዳቤው ከሰርቨሩ አይነሣም የሚል ነው። እያንዳንዱ ፎልደር ሰርቨሩ ላይ ይኖራል፤ በፎልደሩ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ደብዳቤ የማይደገምና እያደገ የሚሄድ ቁጥር ይሰጠዋል። ዴስክቶፑ ያየው የመጨረሻ ቁጥር 8,412 ከሆነ፣ ሲከፈት የሚጠይቀው ከዚያ በላይ ያለውን ብቻ ነው። ምልክቶቹም፣ ማለትም የተነበበ፣ የተመለሰ፣ የተሰረዘ፣ ባለኮከብ የሚባሉት፣ ከደብዳቤው ጋር ሰርቨሩ ላይ ይጻፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የተጨመረው ክፍል ደግሞ ለውጦችን ራሳቸውን ቁጥር ሰጣቸው፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ አሥር ሺህ ደብዳቤ ቢኖረውም ከትናንት ወዲህ የተለወጡትን ሰባት ምልክቶች ብቻ ይቀበላል። ኔትወርኩ ደካማ ለሆነበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ሰርቨሩ አዲስ ደብዳቤ ሲገባ ሳይጠየቅ እንዲናገርም ተደርጓል።

ተጠራጣሪ፦ ደካማ ኔትወርክ ከተነሣ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ የገንዘብ ነው። ስካን የተደረገ 9 ሜጋባይት ሰነድ በኢሜይል ሲላክ ወደ ጽሑፍ ስለሚቀየር 12 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። በፖፕ አንድ ጊዜ ወርዶ አንድ ዲስክ ላይ ያርፋል። በአይማፕ ግን ለዴስክቶፑ አንድ ጊዜ፣ ለላፕቶፑ ሁለተኛ ጊዜ፣ ለስልኩ ሦስተኛ ጊዜ ይወርዳል። ፓኬጅ የሚገዛው ያው አንድ ሰው ነው።

ተሟጋች፦ ቅንብሩ ሳይነካ ከተተወ እንዲያ ይሆናል። አይማፕ ግን ደብዳቤን በክፍል በክፍል ማምጣት ያውቃል፤ መጀመሪያ አርእስቱን፣ ቀጥሎ ጽሑፉን፣ አባሪውን ሲፈለግ ብቻ። በተንደርበርድ ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ ደብዳቤ ሳይጠየቅ እንዳይወርድ ማድረግ ይቻላል፤ የቅርብ ጊዜ ደብዳቤ ብቻ እንዲቀመጥም ማዘዝ ይቻላል። አውትሉክም የሦስት ወር ወይም የአንድ ዓመት ደብዳቤ ብቻ እንዲይዝ የሚወስን ምርጫ አለው። ስለዚህ ለሁለቱ ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት ቅንብር መስጠት ስህተት ነው። ቤት ያለው ዴስክቶፕ ወርኃዊ ዋይፋይ ካለው ሁሉንም፣ ከነአባሪው፣ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ይያዝ። ላፕቶፑ በስልክ ዳታ ስለሚሠራ ሦስት ወር ይበቃዋል፤ ከዚያ የቆየውን ሰርቨሩ ላይ ፈልጎ ያገኘዋል።

ተጠራጣሪ፦ ኔትወርክ ካለ ያገኘዋል። ከሌለስ? በሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ደግሞ የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ ቀንሶ መብራት በፈረቃ ነበር። እነዚህ ዓመት በዓመት የሚጠበቁ ነገሮች ባይሆኑም ደንብ ሲወጣ ሊታሰቡ ይገባል።

ተሟጋች፦ በሰኔ 2012 ባዶ እጁን የቀረው ኢሜይሉን በብራውዘር ብቻ ሲከፍት የነበረው ሰው ነው። ጂሜይልን በክሮም የሚያነብ ሰው ያለ መስመር የሚሠራበትን ቅንብር አስቀድሞ ካልከፈተ በቀር ኮምፒውተሩ ላይ አንድም ደብዳቤ የለውም። በአይማፕ ያመሳሰለው ግን እስከ መጨረሻዋ ሰዓት የገባው ሁሉ በዲስኩ ላይ ተቀምጦለታል፤ መፈለግም፣ ማንበብም፣ ረቂቅ መጻፍም ይችላል። አዲስ አይገባለትም፤ በፖፕ የሚያወርደውም ቢሆን አይገባለትም። መብራቱንም በተመለከተ፣ ዴስክቶፕ በሥራ ላይ እያለ መብራት ሲሄድ የሚጎዳው በዚያች ደቂቃ የሚጻፈው ፋይል ነው። የፖፕ ተጠቃሚ ፒኤስቲው ከተበላሸ በመጠገኛው ፕሮግራም የተረፈውን ከመልቀም ሌላ ምርጫ የለውም፤ ሌላ ቅጂ የለምና። የአይማፕ ተጠቃሚ የተበላሸውን ቅጂ ጥሎ እንደገና ያወርዳል።

ተጠራጣሪ፦ መብራት ሌላም ያደርጋል። ያረጀ ዴስክቶፕ የማዘርቦርዱ ባትሪ ካለቀ መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። በማግስቱ የኢሜይል ፕሮግራሙ የሰርቨሩን ሰርተፍኬት አላምንም ይላል፣ ማመሳሰሉም ይቆማል። ባለቤቱ ፓስወርዱ የተሰረቀ ይመስለዋል።

ተሟጋች፦ ባትሪዋን መቀየርና ሰዓቱ ከኢንተርኔት እንዲስተካከል ማድረግ ነው። ኮምፒውተር ጠጋኞች በቀላሉ የሚሠሩት ነው።

ተጠራጣሪ፦ እንግዲህ ወደ «የተላኩ» እንምጣ። ሁለቱ እኩል ይሆናሉ ከተባለ በኋላ በብዛት የማይገኘው የተላከው ደብዳቤ ነው።

ተሟጋች፦ ይህ የሚመጣው መላክና ማስቀመጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ስለሆኑ ነው። ደብዳቤ የሚላከው ኤስኤምቲፒ በሚባል ሌላ ደንብ ነው፤ ከተላከ በኋላ ፕሮግራሙ ያንኑ ደብዳቤ እንደገና በአይማፕ ወደ ሰርቨሩ «የተላኩ» ፎልደር ይጭነዋል። አባሪው ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ይሄዳል ማለት ነው። መስመሩ ቀጭን ሲሆን የመጀመሪያው ያልፍና ሁለተኛው ይቋረጣል፤ ደብዳቤው ደርሶ ሳለ «የተላኩ» ውስጥ አይታይም፤ ላኪውም አልሄደም ብሎ ይደግመዋል። ጂሜይል የተላከውን በራሱ ስለሚያስቀምጥ በኮምፒውተሩ ላይ ቅጂ የማስቀመጡን ምርጫ ማጥፋት ይገባል፤ ያለበለዚያ ሁለት ሁለት ሆኖ ይታያል። በሌሎች ሰርቨሮች ደግሞ ተንደርበርዱ አንድ ፎልደር፣ አውትሉኩ ሌላ ፎልደር ፈጥረው በየራሳቸው እንዳያስቀምጡ ሁለቱም ወደ አንድ ፎልደር እንዲጠቁሙ መደረግ አለበት። ረቂቅና ቆሻሻ መጣያም እንዲሁ ናቸው።

ተጠራጣሪ፦ ያልተላከውስ? መስመር በሌለበት «ላክ» የተባለ ደብዳቤ በላፕቶፑ የመውጫ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ላፕቶፑ ተዘጋ፤ ማታ ቤት ዴስክቶፑ ሲከፈት ደብዳቤው በየትም የለም።

ተሟጋች፦ የመውጫ ሳጥን አይመሳሰልም፤ የዚያ ኮምፒውተር ብቻ ነው። ረቂቅ ግን ይመሳሰላል። መስመር እንደሚቆራረጥ የሚያውቅ ሰው «ላክ» ከማለት ረቂቅ አድርጎ ቢያስቀምጠው፣ መስመሩ ሲመለስ ከሁለቱም ሊልከው ይችላል። የስልክ ቁጥር ማውጫውና የቀን መቁጠሪያውም በአይማፕ አይሄዱም፤ ካርድዳቭና ካልዳቭ የሚባሉ የየራሳቸው ደንቦች አሏቸው። ኮምፒውተሩ ላይ የተሠራ ማጣሪያም፣ ለምሳሌ ከመርከብ ድርጅቱ የሚመጣውን ወደ አንድ ፎልደር የሚወስድ፣ የሚሠራው ያ ኮምፒውተር ሲበራ ብቻ ነው። ማጣሪያው ሰርቨሩ ላይ ከተሠራ ግን ለሁለቱም ይሆናል።

ተጠራጣሪ፦ የአማርኛ ደብዳቤስ? በዴስክቶፑ ላይ በደንብ የሚነበብ የቆየ ደብዳቤ በአዲሱ ላፕቶፕ ላይ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ሲታይ ማመሳሰሉ አበላሸው ይባላል።

ተሟጋች፦ አላበላሸውም፤ ያለውን እንዳለ ነው ያመጣው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታትም፣ ሰው የሚጽፈው በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የአማርኛ ቅርጽ በሚተኩ ፎንቶች ነበር። ዴስክቶፑ ፎንቱ ተጭኖበታል፤ ላፕቶፑ አልተጫነበትም። አይማፕ ደብዳቤ እንጂ ፎንት አያመላልስም። ፎልደርን «ደረሰኝ» ወይም «ጅቡቲ» ብሎ በአማርኛ መሰየም ግን በሁለቱም ላይ በትክክል ይታያል፤ ደንቡ ከድሮም ለእንግሊዝኛ ያልሆኑ ስሞች የራሱ አጻጻፍ አለው።

ተጠራጣሪ፦ እስካሁን የተነሣው የቅንብር ጉዳይ ነው፤ ቅንብር ይስተካከላል። አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ማመሳሰል በጎውን ብቻ አያመሳስልም። ትራንዚተሩ ቤት የሌለ ጊዜ ልጁ ዴስክቶፑ ላይ አንድ ፎልደር ቢሰርዝ ላፕቶፑ በደቂቃ ውስጥ ይታዘዛል። ሰርቨሩ ከተሳሳተ ደግሞ ሁለቱም አብረው ይሳሳታሉ። እ.ኤ.አ. የካቲት 27 ቀን 2011 ጂሜይል ውስጥ የማከማቻው ሶፍትዌር አዲስ ዕትም በነበረበት ስህተት የ0.02 በመቶ ተጠቃሚዎች ደብዳቤ ከሳጥናቸው ጠፋ። ጉግል ደብዳቤውን በበርካታ የመረጃ ማዕከላት ያስቀምጥ ነበር፤ ስህተቱ ግን ቅጂዎቹንም ነካ። የተመለሰው ከቴፕ ነው። ቴፑ የተረፈበት ምክንያት ከሥርዓቱ ጋር የማይመሳሰል መሆኑ ነው። ጉግል እንኳ ያልተገናኘ ቅጂ ካዳነው፣ የሀይሌ ጋርመንቱ ሰው ሁለት ኮምፒውተሩን ከአንድ ሰርቨር ጋር አስሮ ምን ይዞ ይቀራል?

ተሟጋች፦ ማመሳሰል መጠባበቂያ አይደለም፤ ይህን ማንም ሊክድ አይገባውም። ማመሳሰል ሁለት ኮምፒውተሮች በአሁኑ ሰዓት አንድ ነገር እንዲያዩ ያደርጋል። መጠባበቂያ ትናንት የነበረውን ይይዛል። ሁለቱ አንዱ በሌላው የሚተካ አይደለም። ስለዚህ ከሁለቱ ኮምፒውተሮች ሌላ ሦስተኛ ነገር ያስፈልጋል፦ በወር አንድ ጊዜ ደብዳቤው ሁሉ ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይገለበጥና ዲስኩ ተነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። የሙሉውን ፕሮፋይል ቅጂ ተንደርበርዱን ዘግቶ መገልበጥ ይቻላል፤ የጂሜይል ተጠቃሚ ከጉግል ራሱ ሙሉ ማኅደሩን ማውረድ ይችላል። ከላይ የተወቀሰው የፍላሽ ዘዴ ትክክለኛ ቦታው እዚህ ነው፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሲሄድ ምንም አያደባልቅም።

ተጠራጣሪ፦ እንግዲያው ዋናው መሳቢያ ውስጥ ያለው ዲስክ ነው፣ የሚታመነው እሱ ስለሆነ።

ተሟጋች፦ የሚታመነው እስከተገለበጠበት ቀን ድረስ ነው። በ20ኛው ቀን አስመጪው የላከው የተስተካከለ ኢንቮይስ በዲስኩ ውስጥ የለም፤ ሰርቨሩ ላይ፣ ላፕቶፑ ላይ፣ ዴስክቶፑ ላይ ግን አለ። አንዱ ለዛሬ ሥራ፣ ሌላው ለትናንት ጥፋት ነው።

ተጠራጣሪ፦ ሰርቨሩ የማን ነው የሚለውም ይቀራል። ነፃው ጂሜይል 15 ጊጋባይት ይሰጣል፤ ያውም ከስልክ ፎቶና ከድራይቭ ጋር ተዳምሮ። ቤተሰቡ በስልክ ያነሣው ሠርግ ቦታውን ሲሞላ የመርከብ ወኪሉ ደብዳቤ ተመልሶ ይሄዳል። ማረጋገጫ ኮዱ የሚላክበት ሲም ከጠፋ ባለቤቱ ከራሱ ሳጥን ውጭ ይቀራል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ፓስወርዱን ያገኘ ሌባ ነው። ሰርቨሩ ላይ ገብቶ «ባንክ» የሚል ቃል ያለበት ደብዳቤ ሁሉ ወደ እሱ እንዲተላለፍና ከኢንቦክስ እንዲሰወር የሚያደርግ ደንብ ይሠራል። ዴስክቶፑም ላፕቶፑም ፍጹም ተመሳስለው ይቀጥላሉ፤ ሁለቱም የሚያሳዩት ሌባው የፈቀደውን ነው። ከዚያ «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» የሚል ደብዳቤ ይመጣል፤ በንግድ ዓለም ብዙ ገንዘብ የጠፋው በዚህ መንገድ ነው። ደብዳቤው በቀጥታ ወርዶ ከሰርቨር ላይ የሚነሣ ቢሆን ሌባው የሚያገኘው የቀደመ ደብዳቤ አይኖርም ነበር።

ተሟጋች፦ የቀደመውን አያገኝም፤ የሚመጣውን ግን በፖፕም ጊዜ ያገኘዋል። ማስተላለፊያ ደንቡም እዚያው ሰርቨር ላይ ይሠራል። የፖፕ ተጠቃሚ ግን የሰርቨሩን ገጽ ከፍቶ ስለማያይ ጭራሽ አያገኘውም። መድኃኒቱ ሁለቱን ዘዴዎች አይለይም፦ ሁለተኛ ማረጋገጫ በሲም ላይ ብቻ ሳይሆን በስልክ ላይ በሚሠራ የኮድ ፕሮግራም፣ የታተመ የመጠባበቂያ ኮድ ከንግድ ፈቃዱ ጋር፣ የማስተላለፊያ ደንቦችን ዝርዝር በየወሩ በብራውዘር ማየት፣ የባንክ ሒሳብ ለውጥን ሁልጊዜ በሚታወቅ ስልክ ደውሎ ማረጋገጥ። ስለ ቦታው የተባለው ግን ትክክል ነው፤ የሥራ ኢሜይልና የቤተሰብ ፎቶ በአንድ አካውንት ሊቀመጡ አይገባም።

ተጠራጣሪ፦ ሕጉስ? የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የኤሌክትሮኒክ መልእክት በኤሌክትሮኒክነቱ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው አድርጓል። ስለዚህ ኢሜይል ማስረጃ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሌላ ሰው የግል መረጃ የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው ያዛል። የትራንዚተር ሳጥን የሰው ፓስፖርትና የግብር ከፋይ ቁጥር የሞላበት ነው። ሁለት ኮምፒውተር ላይ ሙሉ ቅጂ ማስቀመጥ የሚሰረቀውን ዕቃ ሁለት ማድረግ አይደለም?

ተሟጋች፦ ነው፤ ላፕቶፑ ሦስት ወር ብቻ ይያዝ የተባለበት ሁለተኛው ምክንያት ይህ ነው። ላፕቶፕ ሲሰረቅ ፓስወርድ መቀየር ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ይዘጋል እንጂ የወረደውን አይመልስም። ስለዚህ ዲስኩ በቢትሎከር ወይም በመሳሰለው መመስጠር አለበት፤ የመሳቢያው ዲስክም እንዲሁ። ማስረጃነቱን በተመለከተ፣ ሁለቱም ቅጂዎች ደብዳቤውን ከነሙሉ አርእስቱ፣ ማለትም በየት በየት ሰርቨር በስንት ሰዓት እንዳለፈ ከሚያሳየው ጋር ይይዛሉ። የወረቀት ሕትመት ይህ የለውም።

ተጠራጣሪ፦ ከፖፕ ወደ አይማፕ መሻገር የሚፈልግ ሰው በመሀል ያለውን ሊያጣ አይችልም?

ተሟጋች፦ ከቸኮለ ሊያጣ ይችላል። አሮጌው የፖፕ አካውንት ሳይነካ ያው አድራሻ በአይማፕ ከጎኑ ይጨመራል፤ በተመሰጠረ ግንኙነት፣ በ993 በር። ከዚያ የድሮው ፎልደር በትንሽ በትንሹ ወደ አይማፑ ይጎተታል፤ ይህ ወደ ሰርቨር መጫን ስለሆነ ሌሊት ሌሊት ቢሠራ ይሻላል። ሁሉም መድረሱ በሌላው ኮምፒውተር ላይ ታይቶ ሳይረጋገጥ አሮጌው አይሰረዝ። በመጨረሻ የተረሳ ፖፕ መኖሩን መፈተሽ ግድ ነው። ቢሮ ጥግ ያለ አሮጌ ኮምፒውተር «አውርድና አጥፋ» እንደተባለ ከቀረ፣ በበራ ቁጥር ኢንቦክሱን ያራቁተዋል፤ ሁለቱ የተመሳሰሉ ኮምፒውተሮችም አብረው ባዶ ይሆናሉ።

ተጠራጣሪ፦ ያው ነው የተባለው። ባዶነትም ይመሳሰላል። ስለዚህ ሌላ ሐሳብ ይቅረብ፦ አይማፕ ይሁን፣ ግን የቤቱ ዴስክቶፕ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኘው እሁድ እሁድ ብቻ ይሁን። ሰኞ ሰርቨሩ ላይ ጥፋት ከደረሰ እስከ እሁድ ስድስት ቀን አለ፤ ገመዱ ሳይሰካ ፕሮግራሙ ያለ መስመር ተከፍቶ ሁሉም ነገር በዴስክቶፑ ላይ ይገኛል።

ተሟጋች፦ ጥፋቱ እስከ እሁድ ካልታወቀ ዴስክቶፑም ይታዘዛል። ከዚያም ዴስክቶፑ በሳምንቱ መሀል የሚያሳየው ያረጀ መዝገብ ነው። ረቡዕ ማታ የቤት ሥራ ያለው ሰው እዚያ ላይ ተቀምጦ ማክሰኞ ለተመለሰ ደብዳቤ ሁለተኛ መልስ ይጽፋል።

ተጠራጣሪ፦ ረቡዕ ማታ በላፕቶፑ ይሥራ።

ተሟጋች፦ ያኔ ሁለት የተመሳሰሉ ኮምፒውተሮች የሉም፤ አንድ የሥራ ኮምፒውተርና አንድ መዝገብ ቤት ነው ያለው።

ተጠራጣሪ፦ የተፈለገውም እሱ ነው።

ተሟጋች፦ ብቻውን ለሚሠራ ሰው ይሆናል፤ መዝገብ ቤቱም ከመሳቢያው ዲስክ ይልቅ እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ ትኩስ ነው። ነገር ግን እሱ ቃሊቲ እያለ ባለቤቱ ቤት ሆና በዴስክቶፑ ኢንቮይሱን ለባንክ የምታዘጋጅ ከሆነ፣ ጠዋት የገባውን ሰነድ ጠዋት ማየት አለባት። ለሷ ዴስክቶፑ እሁድን መጠበቅ አይችልም።